ሳይቃጠል በቅጠል

ርችት ለሚሠሩና ሲሠራ እያዩ ዝም ለሚሉ ሁሉ



በዚህ መጽሔት ስለ ትላልቅ ጉዳዮች መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ከአልጋ ሥር ስለሚቀመጥ አንድ ካርቶን ነው። ነገሩ ጥቃቅን ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የሰው እጅና ዓይን፣ አልፎም የአንድ ፎቅ ነዋሪ ሕይወት የተንጠለጠለበት በመሆኑ በዝምታ መታለፍ አይገባውም።

በአገራችን በዓል ያለ እሳት አይከበርም። በቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፣ ችቦ ይበራል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማም እንዲሁ ችቦ ይለኮሳል። ለመስቀል ደመራ ይደመራል። በዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ ግን የችቦ እንጨትም ሆነ ደመራ የሚቆምበት ሜዳ ስለሌለን፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በምትኩ ርችት በእጅ መሥራት ጀመሩ። ልማዱም ከአንዱ ባች ወደ ሌላው ሲተላለፍ እኛ ዘንድ ደርሷል። በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ከቤተሰቤ ተለይቼ የመጀመሪያውን እንቁጣጣሽ ሳከብር፣ በአሸዋው ላይ ቢጫ ብርሃን ሲፈነጥቅ አይቼ እንባዬ እንደመጣ አልደብቅም። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ደስታ ጠላት ሳይሆን ከደስታው እንደተካፈለ ሰው ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልመለስ። ባለፈው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ያልተመለስነው ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ፎቅ ላይ ነበርን። የምህንድስና ተማሪ የሆነው ወንድማችን ለበዓሉ ለመዘጋጀት ካርቶኑን ከአልጋው ሥር አወጣ። በውስጡ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ድኝ፣ የአሉሚኒየም ዱቄትና ምንም ያልተጻፈበት አንድ የቡና ጣሳ ነበር። በጣሳው ውስጥ ያለው ነገር እርጥበት ጠጥቶ እንደ ቋጥኝ ተጋግሯል። ቀለሙ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል። ወንድማችን «ናይትሬቱ ነው፤ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል» አለ። ሰባበረውና በትሪ ላይ ዘርግቶ ቡና በምናፈላበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሊያደርቀው አስቀመጠው።

ናይትሬት ብቻ አልነበረም። ካቻምና ተቀላቅሎ የተረፈ ነበር። የቀላቀለው ልጅ ተመርቆ ከሄደ ቆይቷል። በውስጡ ምን ምን እንደነበረም እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚነግረን አልተገኘም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። ድምፁ የትልቅ ጨርቅ መቀደድ ይመስል ነበር። ወንድማችን ቀኝ እጁን ወደ ትሪው ዘርግቶ ነበርና ከጣቶቹ እስከ ክርኑ ድረስ ተቃጠለ።

በዚያች ሰዓት የተደረገውን ልዘርዝር፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናልና። አንዱ ጓደኛችን የጥርስ ሳሙና ይዞ ሮጠ። ሌላው ቅቤ ፈለገ። ሁለቱም በፍቅር ያደረጉት ነው፤ ሁለቱም ግን ጎጂ ነው። ሙቀቱን በቆዳው ውስጥ አምቆ ያስቀራል፣ ቁስሉንም ያቆሽሻል፣ ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት እንዳያይ ይከለክለዋል። የተቃጠለ አካል የሚፈልገው ከቧንቧ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ በረዶ ግን አይደለም። ውኃውም ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ ሊፈስበት ይገባል። እጅ ከማበጡ በፊት ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል። ከዚያ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ልል አድርጎ ሸፍኖ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ዱቄት ዓይን ውስጥ ከገባም ዓይንን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ በብዙ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ስባሪ ወግቶት ከሆነ ግን ማሸትም ሆነ መጫን ክልክል ነው።

እስከዚህ ድረስ የተማርኩትን ሠርቻለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ግለ ሂስ ነው።

ጭሱን አይቶ የመጣው የሕንፃው ዘበኛ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቀን «ቡና ስንቆላ አረረብን» አልነው። በሆስፒታልም ተረኛው ሐኪም በምን እንደተቃጠለ ሲጠይቅ «ዘይት ነው» አልን። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሕክምና ተማሪው። ሐኪም ምን ዓይነት ኬሚካል እንደነበረ ካላወቀ ምን ማጠብ እንዳለበት አያውቅም። ከናይትሬት ቃጠሎ የሚወጣው ቡናማ ጋዝ ሳንባን ከሰዓታት በኋላ ውኃ እንዲቋጥር ሊያደርግ እንደሚችል፣ ስለዚህም የተነፈሰው ሰው ምንም ባይሰማው እንኳ ክትትል እንደሚያስፈልገው በመጽሐፍ አንብቤ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዋሸሁ። የነጻ ትምህርት ዕድሉን እንዳያጣ ፈርቼ ሕይወቱን ለአደጋ አጋለጥኩ። ከዚያም የባሰው ሌላ ነው፤ ካርቶኑ ከአልጋ ሥር እንዳለ ዓመቱን ሙሉ አውቅ ነበር።

ወንድማችን ድኗል። ነገር ግን እስክሪብቶ እንደገና ለመያዝ ወራት ፈጀበት፤ አንድ ሴሚስተርም አለፈው። ሁለቱ ጣቶቹ ዛሬም በሙሉ አይታጠፉም።

ከዚህ ታሪክ ምን ትምህርት እናገኛለን? ብዙዎቻችን ርችትን የምንፈራው በሚለኮስበት ምሽት ነው። በዚያች ሌሊት ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ውኃ ይቀርባል፣ ሕፃናት ይርቃሉ። አደጋው የደረሰው ግን በመለኮሱ ምሽት ሳይሆን በማስቀመጡ ዓመት ነው። እኔ ለማለት የምፈልገው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ባሩድ የሚጎዳን ስናነደው ብቻ አይደለም፣ ስንረሳው ነው።

እርጥበት በመጀመሪያ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ክረምት ሲገባ በእናቶቻችን ጓዳ ያለው ጨው ውኃ እያዘለ እንደሚጋገር ሁላችንም እናውቃለን። በጥንት ዘመን አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ባለቤቱ ከዝናብና ከእርጥበት የሚጠብቀው ገንዘቡ እንዳይሟሟበት ነበር። በርችት ሥራ የሚገቡት ናይትሬቶችም ጨዎች ናቸው። ከነሱ ውስጥ ሶዲየም ናይትሬትና አሞኒየም ናይትሬት ከአየር ላይ እርጥበት ስበው ይይዛሉ። ፖታሲየም ናይትሬት በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ንጹሕ ካልሆነ ግን እሱም ይጋገራል። እኛ የምንኖረው ደግሞ በነሐሴ ወር ግድግዳው በሚያልብበት የባሕር ዳርቻ ነው። በአዲስ አበባ በጋ በወረቀት ከረጢት የሚቀመጥ ነገር እዚህ በሳምንት ውስጥ ውኃ ያዝላል።

የረጠበ ነገር አይነድም፣ ስለዚህ አደጋ የለውም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ዱቄት ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ሃይድሮጅን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፣ ይሞቃልም። በተዘጋ ጣሳ ውስጥ ሙቀቱና ጋዙ መውጫ አያገኙም። ከናይትሬት ጋር ተቀላቅሎ ከረጠበ ደግሞ ማንም ሳይነካው ሊግል ይችላል። ሁለተኛ፣ የተጋገረ ነገር መሰበርን ይጠይቃል፤ መስበር ደግሞ ምት ነው፣ ፍትጊያም ነው። ሦስተኛ፣ የረጠበ ነገር «ላድርቀው» የሚል ፈተና ያመጣል። የወንድማችንን እጅ የበላው ይህ ሦስተኛው ነው። የተቀላቀለ ባሩድ በምድጃ፣ በምጣድ፣ በፀጉር ማድረቂያም ሆነ በመስኮት መስታወት ሥር በሚገባ ፀሐይ አይደረቅም። የረጠበው ቅይጥ ዋጋው ከቆሻሻ ያነሰ፣ አደጋው ከእሳት የበለጠ ነውና ሊድን አይገባውም።

ታዲያ እንዴት ይቀመጥ? እዚህ ላይ ከኬሚስትሪ ክፍል ወንድሞቻችን ጋር ተነጋግሬ የተስማማንበትን ባጭሩ ላስፍር።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የተቀላቀለ ነገር አይቀመጥም። ኦክስጅን የሚሰጠው ናይትሬት በአንድ ወገን፣ የሚቃጠሉት ድኝ፣ ከሰልና የብረት ማዕድን ዱቄቶች በሌላ ወገን፣ በተለያየ ሣጥን፣ ቢቻል በተለያየ ክፍል ይቀመጣሉ። ተለያይተው እስካሉ ድረስ አብዛኞቹ ለብቻቸው ትዕግሥተኞች ናቸው። ክሎሬት የሚባለው ዓይነት ግን ከድኝ ጋር በትንሽ ፍትጊያ ሊነድ ስለሚችል በምንም መንገድ በእኛ መካከል ሊገኝ አይገባም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ነገር ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ። የብርጭቆ ብልቃጥ ሲፈነዳ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። የሚጠመዘዝ የብረት ክዳንም በጥርሱ መሃል የገባውን ዱቄት ይፈጨዋል። በዕቃው ውስጥ በጫማ ካርቶን የምናገኛትን የሲሊካ ጄል ከረጢት መጨመር እርጥበቱን ይጠጣል። ከረጢቷ ግን ለዘለዓለም አታገለግልም፤ ስትጠግብ መለወጥ አለባት።

ሦስተኛ፣ ስም ይጻፍ። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደገባና የማን እንደሆነ። የወንድማችን እጅ የተቃጠለው በኬሚስትሪ ጉድለት አይደለም፤ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጉድለት ነው።

አራተኛ፣ ለአንድ በዓል ከሚበቃው በላይ አይገዛ። የተረፈው በመጸዳጃ አይደፋ፣ በቆሻሻ ገንዳም አይጣል። ለዩኒቨርሲቲው የኬሚካል ደኅንነት ክፍል ይሰጥ።

አምስተኛ፣ ቅይጥ ባሩድ ከነደደ ብርድ ልብስ አልብሶ ለማፈን መሞከር ከንቱ ነው፤ ኦክስጅኑን ከራሱ ያገኛልና። በሚነድ የአሉሚኒየም ወይም የማግኒዚየም ዱቄት ላይ ውኃ መድፋትም እሳቱን ያብሳል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ሰው ሁሉ ወጥቶ በሩን መዝጋትና የእሳት አደጋ መከላከያ መጥራት ነው።

ነገር ግን፣ ጓዶች፣ «ደረቅ ይሁን» የሚለው ሕግ ብቻውን ሁሉን እንደማያድን በቲያንጂን የደረሰው ያስተምረናል። በዚያ የቻይና የወደብ ከተማ በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. በአንድ የኬሚካል መጋዘን ናይትሮሴሉሎስ ተከማችቶ ነበር። ይህ ነገር ከሌሎቹ በተቃራኒ ርጥብ ሆኖ ካልተቀመጠ የሚነድ ነው። በሙቀቱ ደረቀ፣ በራሱም ተቀጣጠለ። እሳቱ በአቅራቢያው ወደነበረው አሞኒየም ናይትሬት ደርሶ ፈነዳ። 165 ሰዎች ሞቱ፤ 8 ሰዎች ደግሞ እስከ መጨረሻው አልተገኙም። አንዱ ደረቅነትን፣ ሌላው እርጥበትን ይፈልጋል። ስለዚህ ከጣሳው በፊት ማወቅ ይቀድማል፤ ከማወቅም ጋር ጠባቂ ሊኖር ይገባል።

ጠባቂ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የቤይሩትን ያህል የሚናገር የለም። ሮሱስ የተባለችው መርከብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭና ወደ ቤይሩት ወደብ የገባችው በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ጭነቱ በተከታዩ ዓመት ተራግፎ በ12ኛው መጋዘን ገባ። በዚያም ዓመታት ተቀመጠ። የጉምሩክ ሹማምንት ጉዳዩን በመጥቀስ ለፍርድ ቤት ደጋግመው ደብዳቤ ጻፉ። ብዙ ባለሥልጣናት ያውቁ ነበር። በዚያው መጋዘን ርችትም ተከማችቶ ነበር። በነሐሴ 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. መጋዘኑ ተቃጠለ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎም ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቆሰሉ፣ 300,000 ያህል ሰዎች መኖሪያ አጡ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ራሱ ክፉኛ ተጎድቶ ሕሙማኑን ለማስወጣት ተገደደ። በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እጅግ ብዙ እህቶቻችንም በዚያች ከተማ ነበሩ። መስኮቱን የሚወለውሉት፣ በረንዳውን የሚያጥቡት እነሱ ነበሩና መስታወቱ ሲረግፍ ከፊት የተገኙ ጥቂት አልነበሩም።

የእኛን የቡና ጣሳ ከ2,750 ቶን ጋር ማነጻጸር ማጋነን ነው የሚለኝ ይኖራል። በመጠኑ ማጋነን ነው። በጠባዩ ግን አንድ ነው። በዚያም ያስቀመጠው ሄደ፣ የቀረው «የኔ አይደለም» አለ፣ የሚያውቀው ብዙ ሆኖ ኃላፊ የሚሆን ጠፋ። በእኛም ዘንድ ጣሳውን የሞላው ተመረቀ፣ ክፍሉን የወረሰው ሣጥኑን ወረሰ፣ እኔም አውቄ ዝም አልኩ። «የጋራ በሬ ጅብ ይበላዋል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከኬሚስትሪ ወንድሞቻችን የሚመጣ ነው። «እኛ ሙያው አለን፣ ሌላው ነው የሚያበላሸው» ይላሉ። ሙያቸውን አከብራለሁ። ግን የሚኖሩት ለብቻቸው አይደለም። ባለሙያው ፈተና ላይ ሳለ ክፍሉን የሚያጸዳው ሌላ ነው፤ ካርቶኑንም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ የሚያስጠጋው ያው ባለማወቅ የሚያጸዳ ሰው ነው። የላቦራቶሪ ሕግ የተሠራው ባለሙያ ስለሌለ ሳይሆን ባለሙያም ስለሚረሳ ነው።

በአንጻሩ «ከነአካቴው ይከልከል» የሚሉም አሉ። የእነሱን ሐሳብ ለመቀበል ተቃርቤ ነበር። ነገር ግን በተጨባጭ ሲታይ፣ የተከለከለ ነገር ከአልጋ ሥር ወደ ቁም ሳጥን ጀርባ ይገባል እንጂ አይጠፋም። መደበቅ ደግሞ ዋናው ጠላታችን ነው። በዘበኛው ፊት ቡና አረረብን ያሰኘን፣ በሐኪሙ ፊት ዘይት ያሰኘን መደበቅ ነው። በዚህ ላይ በሰው አገር ያለ ፈቃድ ተቀጣጣይ ነገር ይዞ መገኘት ከዩኒቨርሲቲ መባረርን፣ አልፎም እስራትንና ከአገር መውጣትን ሊያስከትል እንደሚችል ማንም አይዘንጋ። አንድ ተማሪ ሲባረር የሚመለሰው ብቻውን አይደለም፤ ከብቶቿን ሸጣ የላከችውን እናቱንም ተስፋ ይዞ ይመለሳል።

እንግዲህ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በመኝታ ክፍሎቻችን ያለው ማንኛውም የርችት ኬሚካል በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገለጽ፤ የገለጸ አባል በማኅበሩ አይወቀስም። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤትም ከኬሚካል ደኅንነት ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ ባለሙያዎቹ መጥተው እንዲያነሱት ያድርግ። የረጠበውንና ስም የሌለውን ማንም ለመክፈት ወይም ተሸክሞ ለመውሰድ አይሞክር። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ በመኝታ ክፍል አንዲት ጣሳ እንዳትገባ። ሥራውን መቀጠል የሚፈልጉ አባላት በኬሚስትሪ ክፍሉ መምህራን ቁጥጥር፣ በዩኒቨርሲቲው መጋዘንና በአገሩ ሕግ ፈቃድ ያድርጉት፤ ፈቃድ ካልተገኘ ይቅር። ሦስተኛ፣ ከተመራቂዎች መካከል ማንም ክፍሉን ሳያስፈትሽና ሳያስረክብ አይሂድ።

ፈቃዱ ቢቀር በዓሉ ይቀራል ወይ? አይቀርም። ባለፈው መስቀል፣ ወንድማችን እጁ ገና በፋሻ ተጠቅልሎ ሳለ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አስፈቅደን በአሸዋው ላይ ከፍራፍሬ ሣጥን ሳንቃ ትንሽ ደመራ ደመርን። ከፍ ያለ ብርሃን አልነበረም፤ ወደ ሰማይ የተወነጨፈ ነገርም አልነበረም። ነገር ግን ሁላችንም ዙሪያውን ቆምን፣ ዘፈንን፣ ጭሱ ልብሳችን ላይ ቀረ። ወንድማችን በግራ እጁ የመጀመሪያውን እሳት ለኮሰ።

ካርቶኑ ዛሬም በአንዳንድ ክፍሎች ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። በዚህ ዓመት ግን አውቄ ዝም አልልም። እናንተም ዝም አትበሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል!